የት ላስቀምጠው?

ሐሙስ ነው። የጅማው ሂርማታ ገበያ ሰው በሰው ላይ ሆኗል። ከፊቴ ማር በጣሳ የያዘች ሴት አለች። ከኋላዬ ሦስት በርጩማ በትከሻው ያንጠለጠለ ልጅ ይገፋኛል። እኔ በግራ እጄ ቃሪያ እመርጣለሁ። ቀኝ ክርኔ ከጎኔ ጋር ተጣብቋል። ከክርኔ ሥር፣ ቀበቶዬ ላይ፣ ማንም እንዲያየው ሆኖ የተንጠለጠለ ሽጉጥ አለ።

ሻጯ «ስንት ላድርግልህ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሁለተኛም ጠየቀችኝ መሰለኝ። ልቤ ቃሪያው ላይ አልነበረም። ባለበርጩማው ልጅ በነካኝ ቁጥር ክርኔን አጠብቃለሁ። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ ክርኔን እጠብቃለሁ።

14 ወር እንዲህ ኖርኩ። ከጥቅምት 2014 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም.። አሁን አሁን የሽጉጥ ፈቃድ ለማውጣት የሚያስቡ ወጣት ነጋዴዎች ይጠይቁኛል። «ወንድሜ፣ ታጥቆ መሄድ ይሻላል ወይስ አይሻልም?» ይሉኛል። በየሻይ ቤቱ ቆራርጬ ስመልስ ከርሜያለሁ። ዛሬ ሙሉውን ልጻፈው።

እኔ ቡና ሰብሳቢ ነኝ። መኸር ሲደርስ ከጅማ ወደ አጋሮ መስመር እመላለሳለሁ። 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ገበሬው እሸት ቡናውን አምጥቶ ሲያስመዝን ብሩን እዚያው ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት ጥሬ ገንዘብ ይዤ እወጣለሁ። በዚያ ሰሞን የመንገድ ዝርፊያ ወሬ ከየአቅጣጫው ይመጣ ነበር። ባለቤቴ እኔ እስክመለስ እህል አይወርድላትም። አጎቴ ነው «ታጠቅ» ያለኝ። «ደግሞ እንዳትደብቀው። ይታይ። ሌባም አይቶ ይለፍ» አለኝ።

ነገሩ አሳመነኝ። ወረቀቱም የተሟላ ነበር። በ2012 በወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ፣ በቁጥር 1177፣ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ወንጀል ነው። እኔ ፈቃዴን በላስቲክ ለብጬ ደረት ኪሴ ውስጥ እይዝ ነበር። በሕግ በኩል ምንም ስጋት አልነበረብኝም። የቸገረኝ ሌላው ሁሉ ነው።

ከክብደቱ ልጀምር። ሽጉጤ ማካሮቭ የሚባለው ነው፣ ባዶውን 730 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስምንት ጥይት ሲጎርስ 800 ግራም ይሞላል። በእጅ ሲይዙት ቀላል ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ዳሌ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። በሁለተኛው ወር ወገቤን ያመኝ ጀመር። ቀበቶው ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ እኔ ሳላውቀው ወደ ግራ እዘምማለሁ። መኪና ውስጥ ስቀመጥ እጀታው ጎድኔን ይወጋኛል። ጅማ ደግሞ የበርጩማ አገር ነው። ቡና ሲጠጣ ዝቅ ብሎ ነው የሚቀመጡት። ዝቅ ስል የሽጉጡ ማህደር ወደ ላይ ይገፋና ሸሚዜ ሥር ይገባል። ባወጣው ሰው ያየኛል፣ ብተወው ይቆረቁረኛል። የጎረቤት ቡና ላይ ሦስተኛው ስኒ ሳይደርስ መነሳት ለመድኩ።

ቢሆንም ይህ ሁሉ ይቻላል። ያልቻልኩት ማስቀመጡን ነው። ሽጉጥ ታጥቀህ ከቤት ስትወጣ ቀኑን ሙሉ አንድ ጥያቄ አብሮህ ይውላል። የት ላስቀምጠው?

ባንክ በር ላይ እንጀምር። በየሆቴሉና በየባንኩ «መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ተለጥፏል። ትክክልም ነው። ጥበቃው «ወንድም፣ እሱን አስረክብ» ይለኛል። ማስረከብ ሲባል ቀላል ይመስላል። መጀመሪያ ጥይቱ የሚሞላበትን ካዝና አወጣለሁ። የማካሮቭ ካዝና መልቀቂያ እጀታው ግርጌ ነው፣ ሁለት እጅ ይፈልጋል። ካዝናው ወጣ ማለት ግን ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም። አንድ ጥይት ጎርሶ ሊቀር ይችላል። ያንን ለማየት የላይኛውን ብረት ወደኋላ መሳብ አለብኝ። በማካሮቭ ላይ ደግሞ እንዳይተኮስ የሚቆልፈው መጠበቂያ ተዘግቶ ብረቱ አይሳብም። ስለዚህ መጠበቂያውን መክፈት ግድ ነው። አስቡት። ሰው ከሚገባበትና ከሚወጣበት በር ላይ ቆሜ፣ ነፍሰ ጡር እያለፈች፣ ተማሪ እያለፈ፣ መጠበቂያው የተከፈተ ሽጉጥ በእጄ ይዣለሁ። አፈሙዙን ወዴት ላዙረው? ወደ መንገዱ? ወደ ግድግዳው? ወደ አስፋልቱ?

ማህደሩ ውስጥ ተቀምጦ የባረቀ ሽጉጥ ብዙም አይሰማም። የሚባርቀው ሲወጣ፣ ሲገባ፣ ሲቀባበል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ነው። በግልጽ የታጠቀ ሰው ደግሞ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ያወጣል፣ ያስገባል፣ ያቀብላል። አንድ ወዳጄ ቶካሬቭ የሚባል አሮጌ ሽጉጥ ነበረው። እሱ ጭራሽ እንደ ማካሮቭ ያለ መጠበቂያ የለውም። እሱን ይዞ አንድ ቀን አብሮኝ ሲሄድ፣ በየበሩ ሲያስረክብ እያየሁ እኔ ነበርኩ የማልበው።

ካስረከብኩ በኋላስ? አንድ ቦታ ጥበቃው ተቀበለኝና ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎችና ከግማሽ ዳቦ ጋር አስቀመጠው። መሳቢያው ቁልፍ የለውም። ውስጥ ወረፋ ይዤ ስቆም ዓይኔ ከበሩ አልተነሳም። ገንዘቤን ስቆጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ያ ሽጉጥ በእኔ ስም የተመዘገበ ነው። ከዚያ መሳቢያ ወጥቶ የሆነ ቦታ ቢተኮስ የሚጠየቀው ባለስሙ ነው።

መጸዳጃ ቤት ሌላው ነው። ይህን የሚናገር ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ የታጠቀ ሁሉ ግን ያውቀዋል። ቀበቶ ሲፈታ ሽጉጡ ይወርዳል። ስለዚህ አውጥተህ የሆነ ነገር ላይ ታኖረዋለህ። አጋሮ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት፣ የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ አኖርኩት። ስልኬ ጮኸ። የጭነት መኪናው ሹፌር ነበር፣ ጎማ ፈንድቶበታል። እያወራሁ ወጣሁ። ሒሳብ ከፈልኩ። መኪናዬ ዘንድ ደርሼ ክርኔ እንደለመደው ወደ ጎኔ ሲሄድ ባዶ ነበር። ውኃ ሆንኩ። እንዴት እንደተመለስኩ አላስታውስም። በሩን ስከፍት አንድ አሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ሳህን አጣቢው መሰለኝ፣ እጁን በፎጣ እየጠረገ ቆሞ ያየዋል። አልነካውም። «ጋሼ፣ የእርስዎ ነው?» አለኝ። አዎ እንኳን ማለት አቃተኝ፣ በራሴ ብቻ ነቀነቅኩ።

ያን ልጅ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። እጁን ቢዘረጋ ኖሮ ጥፋቱ የእሱ አይሆንም ነበር።

ስለ ልጅ ካነሳሁ የራሴን ልንገራችሁ። ያኔ ሴት ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። የበር ድምፅ ስትሰማ እየሮጠች መጥታ ትጠመጠምብኛለች። ቁመቷ ልክ ቀበቶዬ ድረስ ነው። አንድ ማታ ደክሞኝ ሳላወርደው ገባሁ። ሮጣ መጣችና ግንባሯን ከማህደሩ ጋር አጋጨች። ግንባሯ አበጠ። አልቅሳ ሲበቃት እጇን ወደ ቀበቶዬ ጠቁማ «ይሄ መታኝ» አለች። ከዚያ ቀን በኋላ ስገባ አትሮጥም። በሩ ጋ ቆማ መጀመሪያ ወገቤን ታያለች።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር ልምጣ። አጎቴ «ሌባ አይቶ ይለፍ» ብሏል። ምናልባት አይቶ ያለፈ ይኖራል። ያለፈ ሰው «አልፌሃለሁ» ብሎ አይነግርህም፣ ስለዚህ ማወቅ አልችልም። ግን ሌባ የሚፈልገው ብር ብቻ አይደለም። ሽጉጡም ራሱ ይፈለጋል። ብሬን ከመኪናው ወንበር ሥር ደብቄ፣ ለመሸጥ የሚቀለውን ነገር ውጭ አንጠልጥዬ ነው የምሄደው። ቀድሞ የሚመታው ማን እንደሆነም ለይቼ እያሳየሁ ነው። ሊዘርፍ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የታጠቀውን ነው።

ርቀቱንም አስቡት። አሜሪካ ውስጥ ሶልት ሌክ ሲቲ የሚሠራ ዴኒስ ቱለር የሚባል የፖሊስ አሠልጣኝ ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. የጻፈው ነገር በፖሊሶች ዘንድ በጣም ይታወቃል። የሠለጠነ ፖሊስ ሽጉጡን መዝዞ ለመተኮስ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ቢላ የያዘ ሰው ደግሞ በዚያው አንድ ሰከንድ ተኩል 21 ጫማ ሮጦ ይደርሳል። 6 ሜትር ከምናምን ነው። እንግዲህ ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ውስጥ ከእኔ 6 ሜትር የራቀ ሰው የት አለ? ባጃጅ ውስጥስ? አጋሮ መነኻሪያስ? ያ ፖሊስ የሠለጠነ ነው። እኔ በ14 ወር ውስጥ ተለማምጄ የተኮስኩት ጥይት ከሁለት ካዝና አይበልጥም።

ባጃጅ ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ከጅማው መርካቶ ወደ ቤት በባጃጅ ስሄድ ነው። ከኋላ ሦስት ሆነን ተጣበን ተቀምጠናል። በስተቀኜ ልጅ የታቀፈች እናት አለች። ልጁ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። የሚያብረቀርቀውን የማህደሩን ቁልፍ አይቶ ትንሽዬ ጣቱን ዘረጋ። እናቱ እጁን ይዛ መለሰችው። እንደገና ዘረጋ። እንደገና መለሰችው። ከዚያ «ወራጅ አለ» አለች። ዝናብ እየዘነበ ነው፣ የወረደችበት ቦታ ላይ ቤትም ሱቅም የለም። ባጃጁ ሲነሳ ወደ ኋላ ዞሬ አየኋት። ልጁን በነጠላዋ ሸፍና ቆማለች። ሌላ ባጃጅ ነበር የምትጠብቀው።

ጠብን በተመለከተ የተማርኩት ይህ ነው። የታጠቀ ሰው በማንኛውም ክርክር መሸነፍ አለበት። ሌላ አማራጭ የለውም። አንድ ቀን አንድ ባጃጅ ከኋላ ገጨኝ። መብራቴ ተሰበረ። ልጁ ወርዶ ይጮህብኛል፣ ጥፋቱ ግን የእሱ ነው። እኔም ድምፄን ከፍ አደረግኩ። የሁለታችንም ዓይን እኩል ወደ ወገቤ ሄደ። ቀዝቃዛ ነገር በጀርባዬ ወረደ። «በቃ፣ ሂድ ወንድሜ» አልኩትና መብራቱን በራሴ አሠራሁ። ባልታጠቅ ኖሮ ተጨቃጭቀን፣ ትራፊክ ጠርተን፣ ምናልባት ተሳስቀን እንለያይ ነበር።

በ1967 እ.ኤ.አ. ሊዮናርድ በርኮዊትዝና አንቶኒ ለፔጅ የሚባሉ ተመራማሪዎች አንድ ሙከራ አድርገው ነበር። ሰዎችን አናደዱ፣ ከዚያ ያናደዳቸውን ሰው በመጠነኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲመልሱለት ዕድል ሰጧቸው። ጠረጴዛው ላይ መሣሪያ ተቀምጦ ያዩት ሰዎች ብዙ ንዝረት ሰጡ። በኋላ የተደገሙት ጥናቶች ሁሉም እንደዚያ አልመሰከሩም። ቢሆንም ያን ቀን መንገድ ላይ በሰውነቴ ያለፈውን ነገር እኔ አውቀዋለሁ።

ሕጉም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 78 ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም በቅርብ የሚደርስ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት የማይቻል መሆን አለበት፣ የተጠቀምከው ኃይልም ከጥቃቱ ጋር መመጣጠን አለበት። ከልክ ያለፈ እንደሆነ አንቀጽ 79 አለ። ቦርሳህን ነጥቆ የሚሮጥን ልጅ ከኋላው ብትተኩስበት «ፈቃድ አለኝ» ማለት አያድንህም። የዚያ ዓይነት ተኩስ ደግሞ የሮጠውን ብቻ አይደለም የሚያገኘው። ተባራሪ ጥይት ቃሪያ ሻጯንም ያገኛል።

ዝናቡን በአጭሩ ልለፈው። ጅማ ዝናብ አያጣትም። የቆዳ ማህደር እርጥበት ይዞ ይቆያል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። በየሳምንቱ እሑድ ፈትቼ በዘይት እጠርግ ነበር። ያም ሆኖ ክረምቱ ሲወጣ በላይኛው ብረት ላይ ቡናማ ዝገት አበባ አበባ ሠርቶ አገኘሁት።

ከአዲስ አበባ የመጡ የእህቴን ልጆች ጅሬን፣ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ላሳይ የወሰድኩ ዕለትም እንዲሁ ነው። በር ላይ ስደርስ ያው ጥያቄ መጣ። ማንም ሳይከለክለኝ እኔው ውጭ ቀረሁ። ልጆቹ ያን የእንጨት ሰገነት ሲያዩ እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ሽጉጥ እጠብቅ ነበር።

ለቅሶ ቤት ደግሞ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ቀስ ብለው በጆሮዬ «ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነን እኮ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ነጠላዬን ወደ ቀኝ ጎትቼ ሸፈንኩት።

አሁን ሽጉጡን ከወገቤ ያስወረደኝን ነገር ልናገር። ከሁሉም በላይ የሚከብደኝ ይህ ነው።

ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ቡናቸውን ለእኛ የሚሸጡ አንድ አዛውንት ገበሬ አሉ። በኦሮምኛ ነው የምንነጋገረው። ክርክር ይወዳሉ። ዋጋ ስነግራቸው ይስቃሉ፣ ጆንያቸውን አንስተው አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ የአባቴን ስም ጠርተው «እሱ ቢኖር እንዲህ አያደርገኝም ነበር» ይላሉ። አንድ ብር ሳያስጨምሩኝ ሄደው አያውቁም። እኔም ሆን ብዬ አንድ ብር ዝቅ አድርጌ ነበር የምጀምረው።

በ2015 መኸር መጡ። ዋጋውን ነገርኳቸው። ዓይናቸው ወደ ቀበቶዬ ወረደና ተመለሰ። «ያልከው ይሁን፣ ልጄ» አሉ። ዕድሜ ነው፣ ደክመው ይሆናል አልኩ። በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። «ያልከው ይሁን።» ብራቸውን ተቀብለው ፊቴ አልቆጠሩትም። ከመኪናው ጀርባ ዞረው ነው የቆጠሩት።

ታኅሣሥ ላይ ሒሳብ ስሠራ አልገጥም አለኝ። ከገበሬው የተቀበልኩት ኪሎና ጅማ ላይ የተመዘነው አይገናኝም። ጅማ ላይ ይበልጣል። እሸት ቡና ሲቆይ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በማግስቱ ሚዛኔን ገለበጥኩት። ከሥሩ ጭቃ ገብቶ፣ ጭቃው ደርቆ፣ ትንሽ ጠጠርም ተቀላቅሎበት፣ ጠፍጣፋው ብረት እላዩ ላይ አርፏል። ከክብደቱ የተወሰነውን ጭቃው ነው የተሸከመው። በአንድ ጆንያ ሁለት ኪሎ ያህል ያጎድል ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

የቀን ሠራተኛውን ልጅ ጠየቅኩት። መሬት መሬት እያየ «ገበሬዎቹ ያውቃሉ። ይነጋገሩበት ነበር» አለኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ዓይኑ ግን ወገቤ ላይ ነበር።

እንግዲህ በዚያ ሁሉ ጊዜ ስንት ሰው ከፊቴ ቆሞ ልክ አይደለህም ሊለኝ ፈልጎ ዝም ብሏል? እኔ ሌባ ነው የማስፈራው ብዬ ነበር። ሌባ ስለመፍራቱ ማስረጃ የለኝም። የፈራኝ ኪሎው የጎደለበት ሰው ነው። ነጋዴ ደግሞ የሚኖረው ሰው ሲከራከረው፣ ሲያርመው፣ «ይሄ አልገጠመም» ሲለው ነው። ሥራዬን የሚያቃናልኝን አፍ ሁሉ ዘግቼ ነበር የምዞረው።

ያን ማታ ሽጉጡን ከወገቤ አወረድኩ። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ የብረት ሳጥን አሠርቼ ቆለፍኩበት። መዝገቤን አውጥቼ ላገኛቸው የቻልኳቸውን ገበሬዎች የሁለት ሁለት ኪሎውን ሒሳብ ከፈልኩ። አንዳንዶቹ አንቀበልም አሉ፣ ለምኜ ሰጠሁ።

የብሩን ነገር በሌላ መንገድ ያዝኩት። ስልክ ያላቸው ገበሬዎች በቴሌብር ይቀበሉኛል። የባንክ ደብተር ያላቸውን እዚያው አስገባላቸዋለሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ እንጠብቃለን፣ ቡና አፍልተን። ለቀሩት የምይዘው ጥሬ ገንዘብ የድሮው አንድ አምስተኛ አይሆንም። የምወጣበትን ሰዓት አለዋውጣለሁ። ብቻዬን አልሄድም። ባለቤቴ አሁንም ትሰጋለች፣ አልዋሽም። እህል ግን ይወርድላታል።

ክርኔ ቶሎ አልለቀቀም። ወራት ፈጀበት። ሰው ሲነካኝ አሁንም አንዳንዴ ወደ ጎኔ ይሄዳል።

በሚቀጥለው መኸር አዛውንቱ መጡ። ወረድ ብለው ሰላምታ ሰጡኝ፣ ዓይናቸው ቀበቶዬን ቃኝቶ ተመለሰ። ዋጋውን ነገርኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ሄደው በዱላቸው ጫፍ ከሥሩ ጫር ጫር አደረጉ።

«ይሄን መጀመሪያ ጥረግ» አሉኝ።

ተንበርክኬ ጠረግኩት። ጎንበስ ብለው አዩና «በዚያ በኩል ቀርቷል» አሉ። በዚያም በኩል ጠረግኩ። ጆንያቸውን ራሳቸው ጫኑ፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡ። ከዚያ ጆንያውን መልሰው አወረዱና አሥር እርምጃ ሄዱ።